የሐሙስ ሴቶች ሳፋ

ማዞንዲ ሰው ስታምን በቁንጥር አታውቅም። ካመነች እስከ ጓዳ ነው። የምሃሌኒ ሸለቆ ሴቶች የባሎቻቸውን መሣሪያ በሳፋ ተሸክመው ለፖሊስ ያስረከቡት በእሷ ቃል ነበር፤ ደረሰኝ ሳይቀበሉ እየዘፈኑ የተመለሱትም በእሷው ቃል። ኋላ ያ ሁሉ እምነት ዞሮ መጣና የገዛ ልጇን አንገት ያዘ።

ሸለቆው ለመሣሪያ እንግዳ አልነበረም። ከወንዙ በላይ ያሉትና ከወንዙ በታች ያሉት በምን እንደተጣሉ በትክክል የሚያስታውስ ሽማግሌ የለም፤ አንዱ በበሬ ነው ይላል፣ ሌላው ሠርግ ላይ በተወረወረ ቃል ነው ይላል። መገዳደሉን ግን ማንም አልረሳውም። በየቤቱ የሣር ክዳን ውስጥ፣ በየበቆሎው ጎተራ ሥር አንድ የተጠቀለለ ነገር ይቀመጣል። ሴቶቹ ያንን ነገር በስሙ አይጠሩትም፤ ቤት ሲጠርጉም ዞረውት ነው የሚያልፉት።

የሐሙስ ሴቶች የሚባሉት የቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኞች ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ቀይ ሸሚዝና ጥቁር ጉርድ ለብሰው፣ ነጭ ቆብ ደፍተው ይሰበሰባሉ። ይጸልያሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ጸሎቱ ሲያልቅ ደግሞ ያልመጣችዋን ያማሉ። ማዞንዲ አለቃቸው ነበረች። በአንድ የብርድ ወቅት ከሠርግ ይልቅ ቀብር ሲበዛባቸው ጊዜ ተነሣችና እንዲህ አለቻቸው፦

"ወንዶቹን አንጠይቅ። ከጠየቅናቸው ስብሰባ ይጠራሉ፤ ስብሰባው ላይ ጠላ ይጠጣል፤ ጠላው ላይ ይጣላሉ። መንግሥት 'ያላችሁን አምጡ፣ ከየት አመጣችሁ አልልም' ብሏል። እኛው ተሸክመን እንውሰደው።"

"ለማን ነው የምንሰጠው?" አለች ማሃዴቤ። "ለፖሊስ? ከጅብ አፍ ቀምተን ለጅብ?"

"ለወንድሜ ነው የምንሰጠው።"

ማሃዴቤ የማዞንዲ ጎረቤት ናት። ሁለቱም በአንድ ዓመት ወደዚያ ጉብታ ሙሽራ ሆነው መጡ፤ ልጆቻቸውንም በአንድ ዓመት ወለዱ። አንዷ ጨው ሲያልቅባት ወደ ሱቅ ሳይሆን ወደ ሌላዋ ቤት ነው የምትሄደው። ማሃዴቤ ነገር ከመዋጧ በፊት ታኝካለች፤ ማዞንዲ ደግሞ በማኘክ ጊዜ አታጠፋም።

ወንድሜ ያለችው አዲሱን የፖሊስ ጣቢያ አዛዥ፣ ሻምበል ዞንዲን ነው። የአንድ እናት ልጆች አይደሉም፤ እሱ ወደ ሸለቆው ከመመደቡ በፊት አይታውም አታውቅ። ግን እዚያ አገር ሴት ብታገባም በአባቷ ጎሳ ነው የምትጠራው። ማዞንዲ ማለት የዞንዲ ልጅ ማለት ነው። ሟች ባሏ ምባታ ቢሆንም፣ ወይዘሮ ምባታ የምትባለው በመታወቂያዋ ላይ ብቻ ነው። ሻምበሉ በመጣ ሰሞን ቤቷ ድረስ ሄዶ፣ ደጅ ላይ ቆሞ "ኖንዳባ!" ብሎ የጎሳቸውን አያት ስም ጠራ። እሷም ከውስጥ "ኖንዳባ!" ብላ መለሰችለት፤ እርጎ ቀዳችለት፣ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጠጣ፣ እህቴ አላት። በአንድ አያት ስም የሚጠሩ ሰዎች አይጋቡም፣ አይዋሹም ይባላል። አለመጋባቱ እውነት ነው። አለመዋሸቱን ማን እንደጨመረበት አይታወቅም።

የማስረከቢያው ቀን ማሃዴቤ ልታግዛት መጣች። ማዞንዲ ወንበር ላይ ወጥታ ከክዳኑ ውስጥ የባሏን ሽጉጥ አወረደች። ባሏ ማዕድን ማውጫ ዘበኛ በነበረ ጊዜ ሥራ እየፈታ የስልክ ሽቦ መጎንጎን ተምሮ፣ የሽጉጡን እጀታ በቢጫና በጥቁር ሽቦ እንደ እንቅብ ሸምኖት ነበር። በሸለቆው ውስጥ ያንን እጀታ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ባልየው ሠርግ ላይ አውጥቶ ወደ ሰማይ መተኮስ ይወድ ነበርና።

"ለዚህ ያወጣውን ጊዜ ላንቺ ቢያወጣው ኖሮ አሥር ትወልጂ ነበር" አለች ማሃዴቤ፣ ሳፋውን ከሥር ይዛ።

"ዝም በይና ያዢው።"

ሽጉጡ ሳፋው ውስጥ ወረደ፤ ነጭ ጨርቅ ለበሰ። ሴቶቹ ሁሉ ለሠርግ ምግብ እንደሚወስድ ሰው ሳፋቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው፣ ቀይ ሸሚዛቸውን ለብሰው በመንገዱ መሐል ወረዱ። ወንዶቹ ከየአጥሩ ሥር ቆመው አዩአቸው። የሚያስቆም አልተገኘም፤ የገዛ እናቱን በመዝሙር መሐል ማን ያስቆማል። ሻምበል ዞንዲ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆቡን አውልቆ ተቀበላቸው። አንድ በአንድ ጨርቁን ገለጠ፣ አየ፣ አመሰገነ። የማዞንዲ ሳፋ ላይ ሲደርስ እጀታውን ዳሰስ አድርጎ ፈገግ አለ።

"እህቴ፣ ይሄንንስ ማቅለጥ ኃጢአት ነው።"

"አቅልጠው" አለችው። "ኃጢአቱ እኔ ላይ ይሁን።"

ያን ጊዜ ማሃዴቤ ከኋላ "ወረቀት አይሰጠንም እንዴ? ሬዲዮኑ እያንዳንዱ አስረካቢ ደረሰኝ ይቀበላል ሲል ሰምቻለሁ" አለች።

ማዞንዲ ፊቷ በእፍረት ጋለ። "ማሃዴቤ! ወንድሜን ደረሰኝ ልትጠይቂው ነው? ለሌባ ነው እንዴ የሰጠሽው?"

ሴቶቹ ሳቁ። ሻምበሉም ሳቀ። "ተዪያት፣ ልክ ናት። ወረቀቱን አዘጋጅቼ እልክላችኋለሁ። እቃው ግን በዚህ ሳምንት ከተማ ሄዶ እቶን ይገባል" አለ፤ ቀዝቃዛ ለስላሳም አስመጣላቸው። ባዶ ሳፋቸውን ታምቡር እያደረጉ ዳገቱን ወጡ። ማሃዴቤም ጭምር ዘፈነች። ወረቀቱ ሳይመጣ ብዙ ወራት አለፉ፤ የጠየቀም አልነበረም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነውና ነገሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግድያ ከወንዙ በላይና በታች ከሚባለው ጋር ዝምድና አልነበረውም።

ወደ ሸለቆው የውሃ ቧንቧ ከተዘረጋ ቆይቷል፤ ውሃ ግን የለውም። ቧንቧው ተሰብሯል እየተባለ በቦቴ መኪና ነው የሚታደለው፤ ለእያንዳንዱ ምልልስ ማዘጋጃ ቤቱ ለቦቴዎቹ ባለቤት ይከፍላል። የማሃዴቤ አንድያ ልጅ ቤኪሲሳ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። መስመሩን ተከትሎ ኮረብታው ላይ ወጣና ያየውን በመንደሩ ስብሰባ ላይ ሳያለዝብ ተናገረው።

"ቧንቧው አንድም ቦታ አልተሰበረም። ላይ ያለውን መዝጊያ የሚዘጋው ሰው ነው። የሚዘጋበት ቁልፍም ያለው የቦቴዎቹ ባለቤት ሾፌሮች እጅ ነው። ሄጄ ከፍቼዋለሁ፤ ነገ ከሰፈር ቧንቧ ቅዱ።"

በማግስቱ እውነትም ውሃ መጣ። ሴቶች ባልዲ ይዘው ተሰለፉ። ቤኪሲሳ ቧንቧው አጠገብ ቆሞ ሲቀልድ ታርጋ የሌላት መኪና ቀስ ብላ መጣች፤ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ አንድ ሰው ወረደ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በእናቱ ፊት ተኮሰበት። ሕዝቡ ድንጋይ ሲያዘንብበት ሰውዬው ወደ መኪናው ሮጠ፤ በሩጫው ሽጉጡ ከእጁ አምልጦ ሸምበቆው ውስጥ ወደቀ። መኪናዋ ሄደች። አንድ ሰው ሽጉጡን በመሐረብ ይዞ አመጣ። ማሃዴቤ የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ቀና አለችና ቢጫና ጥቁሩን ሽቦ አየች።

"ይሄ የምባታ ነው" አለች። "ይሄ ሳፋው ውስጥ የነበረው ነው።"

ኋላ የመጡት ፖሊሶች የመጀመሪያውን ቃሏን ብቻ ጻፉ።

በዚያው ቀን ሲቦኒሶን፣ የማዞንዲን ልጅ፣ ከቤቱ ደጃፍ ይዘውት ሄዱ። ሲቦኒሶና ቤኪሲሳ በአንድ ሳህን የበሉ ናቸው። ባለፈው ዓመት ግን የአጎት ልጅ ሠርግ ላይ በዱላ ሲጫወቱ ቤኪሲሳ ግንባሩን ፈንክቶት፣ ጠባሳ ትቶበት ነበር። ሁለቱ የሚሳሳቁበት ጠባሳ አሁን ቂም ተባለ። ግድያው ሲፈጸም የት ነበርክ ሲባል የጠፋች ፍየል ፍለጋ ብቻውን ገደል ለገደል ይዞር ነበር። ፍየሏን አግኝቷታል፤ ፍየል ግን አትመሰክርም።

ማዞንዲ አልተደናገጠችም። እንዲያውም ጎረቤቶቿን ያጽናናችው እሷ ናት። "ሽጉጡን በእጄ የሰጠሁት ለማን ሆነና! ኖንዳባ አንድ ቃል ከተናገረ ልጄ ማታ ቤቱ ያድራል" አለች። በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ ጋገረች፤ በዚያው ሳፋ አድርጋ ወደ ጣቢያው ወረደች።

ሻምበል ዞንዲ ዳቦውን ተቀበለ፤ በሩን ዘጋ።

"ኖንዳባ፣ ልጆችህ ተሳስተዋል" አለች። "ያ ሽጉጥ አንተ ጋ ነው የነበረው።"

"አውቃለሁ እህቴ።"

"ታዲያ እንዴት ወጣ?"

"ሌባ አለ፤ ከውስጥ። እያጣራሁ ነው።" ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። "ስሚኝ። አሁን ስለ ሳፋው ካወራሽ ሌባው ይነቃና ይሸሻል፤ እኔም ከሥራ እባረራለሁ። እኔ ከሌለሁ ልጅሽን ከዚያ ክፍል ማን ያወጣዋል? አንቺ ዝም በይ። ፍርድ ቤት ራሴ ቆሜ እመሰክርለታለሁ። የእህቴ ልጅ አይደለም እንዴ? አጎቱ አይደለሁም?"

"ማሃዴቤ ግን... ልጇ ነው የሞተው። እውነቱን ማወቅ አለባት።"

"ታውቃለች። ቆይታ ታውቃለች። ምን ይጎዳታል? የሞተ አይነሣም። ያንቺው ግን በሕይወት አለ።"

ማዞንዲ ይህን ሰምታ ምን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ነበረባት። አልጠየቀችም። ስትወጣ በጣቢያው ጓሮ በኩል ያለውን የሻምበሉን ግንባታ አየች፤ ባለ ፎቅ ቤት ነው፤ የውሃ ቦቴ ቆሞ ለሲሚንቶው ውሃ እያወረደ ነበር። ቦቴው የማን እንደሆነ ሸለቆው ሁሉ ያውቃል። እሷም አወቀች። አወቀችና ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች፤ ያየችውን ከተቀበለች ልጇን የሚያወጣላት ሰው አይኖርማ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚባለው ለዚህ ነው፤ መጫኛው ረዘም ሲል ያልታሰረች ይመስላታል።

ከቀብሩ በኋላ ማሃዴቤ ጥቁር እንደለበሰች መጣች። አልተቀመጠችም።

"ሲቦኒሶ ልጄን አልገደለውም" አለች። "ይሄን ለማወቅ ፖሊስ አያስፈልገኝም። ፍርድ ቤት ሁለታችን እንቁም። አንቺ ለዞንዲ ሰጠሁት በይ፤ እኔ ሳፋውን ይዤላት ነበር እላለሁ።"

"ትንሽ ታገሺ፣ እቴ።"

"ምን እስኪሆን?"

"እሱ ራሱ ሊናገር ነው። ቃል ገብቶልኛል።"

"ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲሉ ሰምተሽ አታውቂም?"

"ወንድሜ ነው።"

"እኔስ ምንሽ ነኝ?" አለች ማሃዴቤ፤ መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

በመጀመሪያው ቀጠሮ መንግሥት ለሲቦኒሶ ያቆመለት ጠበቃ ማዞንዲን ወደ ዳኛዋ ፊት አወጣት። ሽጉጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

"ይህን ያውቁታል?" አለች ዳኛዋ።

"የባለቤቴ ነበር።"

"ከቤትዎ እንዴት እንደወጣ የሚነግሩን ነገር አለ?"

ማዞንዲ ወደ ሻምበል ዞንዲ አየች። ሻምበሉ ዓይኑን በትንሹ ጨፈን አድርጎ ገለጠ፤ አይዞሽ እንደሚል ሰው። ከኋላዋ ቀይ የለበሱት ሴቶች በሙሉ ተቀምጠዋል፤ ማሃዴቤ በመካከላቸው ጥቁር ለብሳለች። ልጇ በተከሳሾች ሳጥን ውስጥ ግንባሩን በእጁ ይዞ ቆሟል።

"የማውቀው ነገር የለኝም" አለች።

ከኋላዋ አንዲት ሴት በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማች። ማን እንደሆነች ለማወቅ ዞር ማለት አላስፈለጋትም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሻምበል ዞንዲ የምስክር ቦታ ላይ ወጣ። ዩኒፎርሙ ተተኩሷል፣ ጫማው ያበራል። ማዞንዲ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልይለት ነበር። ትጸልይለት ነበር፤ ይህ እንዳይረሳ።

"ወይዘሮ ምባታን ያውቋቸዋል?" አለ ዐቃቤ ሕጉ።

"ወይዘሮ ምባታን እንደማንኛውም ነዋሪ አውቃቸዋለሁ።"

ማዞንዲ ጸሎቷን አቆመች። ሰውዬው እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ጀምሮ ምንም አልዋሸም ነበር ማለት ይቻላል፤ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ስም ነው የጠራው። እሷ ግን በዚያ ስም ውስጥ ሁሉንም ሰማችው። እርጎዋን የጠጣ ሰው፣ ደጇ ቆሞ የአያቷን ስም የጠራ ሰው፣ በባሏ ስም ሲጠራት እህትነቷን እንደ ቆሸሸ ሸሚዝ አውልቆ መጣሉ ነበር።

"ሴቶች መሣሪያ አስረክበውዎታል?"

"አዎ፤ የዛገ ቧንቧና የአደን ጠመንጃ። እንዲህ ያለ ሽጉጥ በመካከሉ አልነበረም። ይህ ሽጉጥ ከምባታ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ተከሳሹ በየሠርጉ ይዞት ሲፎክር እንደነበር መረጃ አለን።"

"ውሸታም!" ያለው ሲቦኒሶ ነው፤ ጠባቂው ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። እናቱ ግን ተነሥታ ቆማ ነበር። ጠበቃው እስኪጠራት አልጠበቀችም።

"ልናገር" አለች። "ባለፈው ዋሽቻለሁ። አሁን ልናገር።"

ተናገረች። ሳፋውን፣ ጨርቁን፣ መዝሙሩን፣ ይሄንን ማቅለጥ ኃጢአት ነው ያለውን፣ በሩን ዘግቶ የነገራትን ሁሉ ተናገረች። ዐቃቤ ሕጉ ሲነሣ ፊቱ ላይ ያለው ትዕግሥት ከስድብ ይብስ ነበር።

"ባለፈው ቀጠሮ የማውቀው የለም ብለው ነበር። ዛሬ ያውቃሉ። እናት ነዎት፤ ይገባኛል። ደረሰኝ አለዎት?"

"የለኝም።"

"ለምን?"

"ወንድሜ ነው ብዬ።"

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም። "አብረዎት ሄዱ የሚሏቸው ሴቶች እዚህ አሉ?"

"አሉ። እነዚህ ናቸው፤ ቀይ የለበሱት።"

ዳኛዋ ወደ ሴቶቹ አየች። "ከእናንተ መካከል ይህን ሽጉጥ በማስረከቢያው ቀን ያየ አለ? ያየ ይነሣ።"

ማዞንዲ አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዷ የቆቧን ጠርዝ ታስተካክላለች። አንዷ መዝሙር መጽሐፏን ገልጣ ቃላት የምትፈልግ ትመስላለች። ልጇን ስታምጥ ጀርባዋን የያዘችላት ሴት የጫማዋን ማሰሪያ ታያለች። ለአንዷም ዓይን አልነበራትም። ከቀናት በፊት የሻምበሉ መኪና በየደጃቸው ቆሞ እንደነበር ማዞንዲ አልሰማችም። ማንንም አላስፈራራም። በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ፣ ውሃ ለምኖ ጠጥቶ፣ "ለመሆኑ ልጅሽ የት ነው የሚሠራው? በየትኛው ታክሲ ነው የሚመላለሰው? ሲመሽ ማን ይቀበለዋል?" ብሎ ብቻ ነው የሄደው። ከዚህ በላይ ምን ይላል። መሣሪያውን የት እንዳደረሰው አይተዋል።

ዳኛዋ ብዕሯን አነሣች። ያን ጊዜ ጥቁር የለበሰችዋ ተነሣች።

"እኔ አይቻለሁ" አለች ማሃዴቤ። "ሳፋውን ከሥር የያዝኩት እኔ ነኝ።"

ዐቃቤ ሕጉ ግራ ተጋባ። "እርስዎ የሟች እናት ነዎት።"

"ለቀባሪው አረዱት። አዎ ነኝ።" ወደ ምስክር ቦታው ለመሄድ አልተቸኮለችም። "ሽጉጡን ከክዳኑ ሲወርድ አየሁት። ሻምበሉ ጨርቁን ገልጦ ሲዳስሰው አየሁት። ደረሰኝ ስጠን አልኩት። ያን ጊዜ ይቺ ሴት፣ ማዞንዲ፣ ወንድሜን ደረሰኝ ትጠይቂዋለሽ ወይ ብላ በሰው ፊት አሳፈረችኝ። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። ይሄንንም ጻፉት። ሻምበሉን ብቻ አትጻፉ፤ ይሄንንም ጻፉት።"

ዳኛዋ ወደ ማዞንዲ ዞረች። "እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አለች ማዞንዲ።

"እርስዎ አይፈሩም?" አለች ዳኛዋ ማሃዴቤን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ምኔን ይወስዳል?" አለች ማሃዴቤ።

ሲቦኒሶ በዚያ ሳምንት ተፈታ። ጉዳዩ እንዲጣራ ታዘዘ ተባለ። ማጣራቱም እንዲህ ሆነ፦ ሻምበል ዞንዲ ወደ ትልቅ ከተማ ጣቢያ ተዛወረ፤ መሸኛም በግ ታረደለት። ፎቁ አለቀ። ኮረብታው ላይ ያለው መዝጊያ ዳግም ተዘጋ፤ የሚከፍተው ሰው አልተገኘም፤ ቦቴዎቹ ይመላለሳሉ። ሴቶቹ በሳፋ ካወረዷቸው መሣሪያዎች አንዱ ብቻ ነው የተገኘው፤ ሌሎቹ የት እንዳሉ የሚታወቀው ሲተኮሱ ነው። በየቤቱ ክዳን ውስጥ ሳሉ ቢያንስ ማን ቤት እንዳሉ ይታወቅ ነበር።

ሲቦኒሶ ቤት በገባ በማግስቱ የሁለቱን የጨዋታ ዱላ ይዞ ወደ ቤኪሲሳ መቃብር ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። እናቱን አንድም ጥያቄ አልጠየቃትም። ብትጠየቅ ይቀላት ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። ማዞንዲ ቀዩን ሸሚዝ ለበሰች፣ አወለቀችው። ዳቦ ጋገረች፣ በሳፋው አደረገች፣ በየቀኑ ትመላለስበት የነበረውን ያንን አጭር መንገድ ሄደች። ባለቤቱ ግባ ሳይል አይገባምና አጥሩ ላይ ቆማ የቤቱን ስም ጠርታ ሰላም አለች። ደግማ ጠራች። በፊት እንደዚህ ስትቆም ማሃዴቤ ከውስጥ "ምን ይገትርሻል፣ ባለዕዳ ነሽ?" ትላት ነበር።

ማሃዴቤ ወጣች። የአጥሩን በር አልከፈተችም።

"ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት" አለች ማዞንዲ። "ልጄን ሰጠሽኝ።"

"አታመስግኚኝ። ላንቺ ብዬ አይደለም የቆምኩት።"

"ጀግና ነሽ። ሁሉም አቀርቅረው አንቺ ብቻ—"

"ጀግና አትበይኝ" አለች ማሃዴቤ። ድምጿ አልተቆጣም፤ ደክሞት ነበር። "ቤኪሲሳ በሕይወት ቢኖር እኔም እንደነሱ ጫማዬን አያለሁ። ሁሉም የሚወሰድባቸው ልጅ አላቸው። እኔ የለኝም። ለዚህ ነው አፌ የተከፈተው። እንዲህ ባዶ ያደረገኝ ማነው?"

"ዞንዲ ነው" አለች ማዞንዲ፣ እንባዋ እየወረደ። "ዞንዲ ነው፣ እቴ። እኔንም አታሎኛል።"

ማሃዴቤ የአጥሩን እንጨት እንደያዘች አየቻት።

"ከሁለታችሁ የትኛው ዞንዲ?" አለች።

ማዞንዲ ሳፋውን በአጥሩ ላይ አሻግራ ዘረጋችላት። ማሃዴቤ ገብታ በሯን ዘጋች፤ ዳቦው ሳፋው ውስጥ በረደ።